አራተኛዋ ገመድ



ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ይህችን ገመድ እየተቀባበላችሁ እዩልኝ። ርዝመቷ አንድ ሜትር ነው። ወፍራምና ገታራ ናት፤ እንደ ተራ የኔትወርክ ገመድ እንደልብ አትታጠፍም። ጫፍና ጫፏ ላይ ሰፋ ያለ መሰኪያ አለ፤ በመሰኪያው ግራና ቀኝ ደግሞ በጣት የሚዞሩ ትንንሽ ብሎኖች አሉ። ብሎኖቹን አዙሯቸው፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። ይህች የስታክ ገመድ ትባላለች። ስዊቾችን በጀርባቸው በኩል እያያያዘች ሦስቱን፣ አራቱን፣ ስምንቱን እንደ አንድ ስዊች የምታሠራ እሷ ናት። ዛሬ ከማወራላችሁ አብዛኛውን የተማርኩት እንዲህ ያለች አንዲት ገመድ ሳትሰካ ቀርታ ነው።

ቦታው ሆስፒታል ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የአይቲ ክፍሉ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ሲስተሙ ለአንዱ ይሠራል፣ ለአንዱ አይሠራም» አለኝ። ጭራሽ የጠፋ ኔትወርክ ያን ያህል አያስፈራኝም፤ የወደቀው ነገር ወድቆ ይገኛል። ግማሹ የሚሠራ ኔትወርክ ግን ሰዓት ይበላል፤ ሁሉም ሰው የየራሱን ኮምፒዩተር ሲጠራጠር ይውላል።

ስደርስ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ግቢው በር ደርሷል። ሁለት ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኮምፒዩተራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የሁለቱም ገመድ የሚሄደው ወደ አንድ ስዊች ነው። አንደኛዋ የታካሚ ካርድ ስትፈልግ ወዲያው ይመጣላታል። የጎረቤቷ ስክሪን ላይ ግን ክቡ ምልክት ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ይቋረጣል። ይህችው ሁለተኛዋ የላቦራቶሪ ውጤት ስትጠይቅ ደግሞ ይከፈትላታል፤ ለመጀመሪያዋ ላቦራቶሪው እምቢ ይላል። ልጅ ያዘሉ አንዲት እናት መስኮቱን ተደግፈው «ሲስተም የለም ነው የምትሉኝ?» ብለው ሲጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው ጠፋ። «አለ»ም «የለም»ም ማለት አልተቻለም።

ሰርቨር ክፍል ገብቼ ራኩን ከፈትኩ። አራት ስዊቾች ተደርድረዋል። ከላይ ሁለተኛው ላይ አንድም መብራት አይታይም። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል። ሦስቱ ግን አረንጓዴ እያበሩ ናቸው። በጀርባ ዞሬ የስታክ ገመዶቹን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሦስት ናቸው። አራት ስዊች፣ ሦስት ገመድ። አራተኛዋ ራኩ አናት ላይ፣ ከነፕላስቲኳ፣ አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። ማን እንዳስቀመጣት የሚያስታውስ አልነበረም።

የዚያን ጠዋት ምሥጢር እንዲገባችሁ ግን ስታክ የሚባለው ነገር ለምን እንደመጣ አስቀድሜ ላውራ።

ኢተርኔት በተፈጥሮው አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የአይፒ ጥቅል ዕድሜ ተቆጥሮለት ነው የሚወጣው፤ ቢበዛ 255። ባለፈበት ራውተር ሁሉ አንድ አንድ እየተቀነሰበት ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። ስዊች የሚያስተላልፈው የኢተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። ሁለት ስዊቾችን በሁለት ገመድ አገናኝታችሁ ዝም ብትሉ፣ አንድ ለሁሉም የተላከ ፍሬም በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፣ ይባዛል፣ እንደገና ይዞራል። የሚያስቆመው የለም። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መብራቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ ይርገበገባሉ፤ ያን ጊዜ ኮንሶሉ እንኳ ትእዛዝ መቀበል ይሳነዋል። እንግዲህ ችግሩን አስተውሉ፤ አንዱ ገመድ ቢበጠስ ሌላው እንዲተካ ብላችሁ የጨመራችሁት ሁለተኛ ገመድ ራሱ ኔትወርኩን ገደለው ማለት ነው።

ለዚህ መላ የዘየዱት ራዲያ ፐርልማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዲጂታል ኢኲፕመንት ኮርፖሬሽን በሚባለው ኩባንያ ውስጥ ሲሠሩ ስፓኒንግ ትሪን አወጡ። ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው አንዱን ሥር ያደርጋሉ፤ ከዚያ የተረፈውን መንገድ ሁሉ ይዘጉታል፤ ክፍቱ መንገድ ሲበጠስ የተዘጋው ይከፈታል። ፐርልማን መላውን ያገኙት አለቃቸው ለአንድ ሳምንት እረፍት ከመውጣታቸው በፊት በሰጧቸው ሥራ ነው። ቶሎ ጨርሰው በተረፋቸው ቀን ስለ ስሌቱ አጭር ግጥም ጻፉበት። ቅኔ ለሚወድ አገር ሰው ይህ ሳይነገር መታለፍ የለበትም ብዬ ነው።

መላው ግን ዋጋ አለው። የተዘጋው ገመድ ተከፍሎበት ያለሥራ ይቀመጣል። መንገድ ሲበጠስ ደግሞ በመጀመሪያው ደረጃ መሠረት ሌላው እስኪከፈት ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፈጣኑ ስፓኒንግ ትሪ ይህን ወደ ጥቂት ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች አውርዶታል። ያም ሆኖ ዛፉ በጣም ከረዘመ ራሱ ይናጋል። የቦስተኑ ቤዝ ኢዝሬል ዲኮነስ የሕክምና ማዕከል በኅዳር 2002 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ይኸው ነው። ከሥሩ እስከ ጫፍ ሰባት ስዊች ቢበዛ ተብሎ የተመከረው ተጥሶ ኔትወርኩ ከዚያ በላይ ተለጥጦ ነበር፤ አንድ ተመራማሪ ከባድ መረጃ በላከበት ቀን ስፓኒንግ ትሪው ተናጋ። ሆስፒታሉ ለቀናት ወደ ወረቀት ተመለሰ። ወረቀት ይዘው በየፎቁ የሚሮጡ ሰዎች የላቦራቶሪ ውጤት አመላለሱ። የመረጃ ሥርዓቱ ኃላፊ ጆን ሃላምካ የደረሰውን ሳይሸሽጉ ለሙያው ሰው ሁሉ አስረዱ። እኔም ተማሪዎቼን ስለ ኔትወርክ ሳስተምር ሁልጊዜ የማነሣው የእሳቸውን ቅንነት ነው። ብዙ ሆስፒታል ኔትወርኩን ያስተካከለው እሳቸው አፋቸውን ስለከፈቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስታክ በዚህ መሐል የመጣ ሐሳብ ነው። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ካታሊስት 3750ን ከስታክዋይዝ ጋር አወጣ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ስዊቾቹ ለየብቻ ሆነው የሚዘጋ የሚከፈት መንገድ ከሚፈልጉ፣ በጀርባቸው ተያይዘው አንድ ስዊች ይሁኑ። አንድ አይፒ፣ አንድ ኮንፊገሬሽን፣ አንድ ስም። ያኔ ከላይኛው ስዊች አንድ ፋይበር፣ ከታችኛው አንድ ፋይበር ወደ ዋናው ስዊች ብትስቡ፣ ዋናው ስዊች የሚያየው ከአንድ ዕቃ የመጡ ሁለት ገመዶችን ነው። ሁለቱን በአንድ ጥቅል ታስሯቸዋላችሁ፤ ሁለቱም ይሠራሉ፤ የሚዘጋ የለም። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ሸክሙን ይወስዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ስታክዋይዝ እስከ ዘጠኝ ስዊች ያያይዝ ነበር፤ የቀለበቱ አቅም 32 ጊጋቢት በሰከንድ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትሠሩበት ካታሊስት 9300 እስከ ስምንት ስዊች ይይዛል፣ አቅሙም 480 ጊጋቢት ደርሷል። ስሙ በየአምራቹ ይለያያል። ጁኒፐር ቨርቹዋል ቻሲስ ይለዋል፣ ሁዋዌ አይስታክ፣ ኤችስሪሲ አይአርኤፍ። ዝርዝራቸው አንድ አይደለም፤ መሠረቱ ግን ይቀራረባል።

አሁን «ቀለበት» ያልኩትን ያዙልኝ። እያንዳንዱ ስዊች በጀርባው ሁለት የስታክ መሰኪያ አለው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ትሰካላችሁ። እዚህ ላይ ቆማችሁ ማብራት ትችላላችሁ። ሁሉም ይነሣል፤ ሁሉም አንድ ስዊች ይሆናል፤ ተጠቃሚው ምንም ልዩነት አያይም። ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ነው ራኩን ዘግቶ የሚሄደው። ያንን ሰው አልወቅሰውም፤ ሥራው አልቋል የሚል ምልክት ፊቱ ላይ እያበራ ነው። የቀረችው ከአራተኛው ወደ አንደኛው የምትመለሰው ገመድ ናት። እሷ ካለች ከመሐል የፈለገው ቢበጠስ መረጃው በሌላው በኩል ዞሮ ይደርሳል፤ የሚቀንሰው አቅሙ ነው፣ በግማሽ። እሷ ከሌለች የያዛችሁት ቀለበት አይደለም፣ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ደግሞ ከመሐል ሲበጠስ ሁለት ይሆናል።

በስታኩ ውስጥ አንድ ስዊች አዛዥ ይሆናል፤ ሌላው ተጠባባቂ። አዛዡ የሚያውቀውን ሁሉ ተጠባባቂው በየቅጽበቱ ይገለብጣል። በእኛ ቋንቋ ንጉሥና አልጋ ወራሽ ማለት ነው። ንጉሡ ሲሞት አልጋ ወራሹ ወዲያው ይነግሣል። ሰንሰለቱ ከመሐል ሲበጠስ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ከወዲያ ያሉት ንጉሡን ማየት ስለተሳናቸው ሞቷል ብለው የራሳቸውን ያነግሣሉ። ንጉሡ ግን ከወዲህ በሕይወት አለ። አንድ ስም፣ አንድ አይፒ፣ አንድ ኮንፊገሬሽን የያዙ ሁለት መንግሥታት በአንድ ራክ ውስጥ ተቀመጡ ማለት ነው።

የሆስፒታሉ ነገር እንግዲህ ይኸው ነበር። ሁለተኛው ስዊች ሲሞት አንደኛው ብቻውን በአንድ ወገን ቀረ፤ ሦስተኛውና አራተኛው በሌላ ወገን ነገሡ። ወደ ዋናው ስዊች የሚሄዱት ሁለት ፋይበሮች አንዱ ከአንደኛው፣ አንዱ ከአራተኛው የወጡ ናቸው። ማክ አድራሻቸውም አዛዥ ሲቀየር እንዳይለወጥ ታዝዞ ስለነበር ዋናው ስዊች መሰንጠቃቸውን አላወቀም፤ አሁንም ከአንድ ዕቃ የመጡ ሁለት ገመዶች መሰሉት። መረጃውን በሁለቱ ላይ ሲያካፍል የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይዞ በስሌት ነው የሚያካፍለው። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ አድራሻ ከካርድ ሰርቨሩ አድራሻ ጋር ሲሰላ በአንደኛው ፋይበር ይወርዳል፤ ይደርሳታል። የጎረቤቷ አድራሻ ከዚያው ሰርቨር ጋር ሲሰላ በሁለተኛው ፋይበር ይወርዳል፤ አራተኛው ስዊች ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ አንደኛው የሚያሻግረው መንገድ የለም። ከላቦራቶሪው ሰርቨር ጋር ሲሰላ ደግሞ ዕጣው ይገለበጣል። «ለአንዱ ይሠራል፣ ለአንዱ አይሠራም» ያለኝ ልጅ የተናገረው ቃል በቃል እውነት ነበር።

እዚህ ላይ ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አራተኛዋን ገመድ አንሥቼ ወዲያው አልሰካሁም። ሁለት በሥራ ላይ ያሉ ስታኮችን በገመድ ስታገናኙ እንደገና ምርጫ ይካሄዳል፤ የተሸነፈው ወገን ስዊቾች ጠፍተው ይነሣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ከአራተኛው ስዊች የሚወጣውን ፋይበር ነቀልኩ። ዋናው ስዊች አንድ መንገድ ብቻ ሲቀርለት መረጃውን ሁሉ ወደ አንደኛው ማውረድ ጀመረ፤ ካርድ ክፍሉ በዚያው ደቂቃ ተነሣ። ቀጥዬ በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ያሉትን ክፍሎች በስልክ አሳወቅኩ። ከዚያ በኋላ ነው ፕላስቲኩን ቀድጄ ገመዷን የሰካሁት። ሁለቱ ስዊቾች ጠፍተው እስኪነሡ ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። ሲነሡ የአንደኛው ተከታይ ሆነው ነው የተነሡት። በመጨረሻ ፋይበሩን መለስኩ። በሞተው ስዊች ላይ የነበሩት ክፍሎች ገመዳቸው ወደ ሌሎቹ እስኪዛወር ድረስ ጠበቁ።

ከዚህ ተነሥቼ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ሙሉውን መመሪያ አምራቹ ጽፎታል፤ እኔ የማነሣው ሰው የሚሰናከልበትን ነው።

አዲስ ስዊች ወደሚሠራ ስታክ ስትጨምሩ ስዊቹ ጠፍቶ ይሁን። ገመዶቹን በሁለቱም በኩል ሰኩ፣ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ከዚያ አብሩት። በርቶ የመጣ ስዊች ራሱን እንደ አንድ መንግሥት ይዞ ነው የሚገባው፤ ቅድሚያ ቁጥሩ ከእናንተው አዛዥ ከበለጠ በቀን በሥራ ሰዓት ስታኩን በሙሉ ሊያስነሣባችሁ ይችላል። የቅድሚያ ቁጥር ከ1 እስከ 15 ነው፤ ሳይነኩት ከተዉት 1 ነው። ሁሉም 1 ሆነው ከተተዉ አዛዡን የሚመርጠው ቀድሞ የመነሣት ዕድልና ዝቅተኛ ማክ አድራሻ ነው፤ ዝቅተኛ ማክ አድራሻ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌው ስዊች ይሆናል። አዛዥ እንዲሆን ለምትፈልጉት 15፣ ለተጠባባቂው 14 ስጡ። ቁጥሩን ስትቀይሩ አዛዡ ወዲያው አይለወጥም፤ በሚቀጥለው ምርጫ ነው የሚሠራው። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ቁጥሩን ቀይሮ «አልሠራም» ብሎ ደጋግሞ ሲቀይረው አይቻለሁ።

የስዊቹ ተራ ቁጥር ከቅድሚያ ቁጥር ይለያል። የፖርቶች ኮንፊገሬሽን የሚታሰረው በተራ ቁጥሩ ነው። ሦስተኛው ተቃጥሎ አዲስ ስታመጡ አዲሱ ሦስት ተብሎ መግባቱን አረጋግጡ፤ አለዚያ የሕፃናት ክፍሉ ፖርት የሒሳብ ክፍሉን ቪላን ይዞ ሊነሣ ነው። ሶፍትዌሩ ከሌሎቹ ጋር አንድ እትም ይሁን። ቤተሰቡም ይመሳሰል፤ 9300 ከ9300ኤል ጋር፣ 9200 ከ9200ኤል ጋር አይያያዝም።

ግዢ ላይ ላላችሁ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። በ9200 ላይ የስታክ ሞጁሉና ገመዱ ለብቻው ነው የሚታዘዘው። የጨረታ ሰነዱ «ስዊች፣ ብዛት 4» ካለ አራት ስዊች ይመጣል፤ የሚያያይዛቸው ነገር አይመጣም። ከዚያ በኋላ ገመድ ለማስመጣት የሚሄደውን ወራት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰነዱ ላይ ገመዶቹን በቁጥር ጻፉ፤ ለአራት ስዊች አራት፣ አንድ መለዋወጫም ጨምሩ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ስታክ ከሠራን በኋላ «መጠባበቂያ አለን» ማለት እንወዳለን። መጠባበቂያው ግን ምን ከምን ጋር ይጋራል? አንድ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ሄጄ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለው ስዊች በኩራት አሳዩኝ። ሁለቱ ገመዶች ወደ ታች ወርደው አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል። ዲቫይደሩ ከአንድ ዩፒኤስ ወጥቷል። የዲቫይደሩ ማብሪያና ማጥፊያ ደግሞ ወለሉ ላይ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ነው። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ተገዝቶ አንድ ቁልፍ ነው ያለው። መብራት በሚመላለስበት አገር ስንኖር ቢያንስ አንደኛው ከዩፒኤሱ፣ ሌላኛው ከሌላ መስመር መሆን አለበት። በ9300ና በቀደሙት በ3850 ላይ ስታክፓወር የሚባል ገመድም አለ፤ እስከ አራት ስዊች ድረስ በቀለበት ሲያያዙ ኃይል ይበዳደራሉ፤ የአንዱ ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል የጎረቤቱ ይሸከመዋል። ያ ሆስፒታል ያንን ገመድ ቢይዝ ኖሮ ሁለተኛው ስዊች ያን ሌሊት ላይሞት ይችል ነበር።

ከኃይል የበለጠው መጋራት ግን አንጎሉ ነው። ስታክ አራት አካል ያለው አንድ አንጎል ነው። ተጠባባቂው ከአዛዡ ጋር አንድ ሶፍትዌር ያስኬዳል፣ አንድ ኮንፊገሬሽን ያነብባል። አዛዡን የሚጥለው የሶፍትዌር ስሕተት ተጠባባቂውንም በዚያው መንገድ ሊጥለው ይችላል። አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ብትጽፉ አራቱም ይታዘዛሉ። ሶፍትዌር ስታሻሽሉ በአብዛኛው አራቱም አብረው ጠፍተው ይነሣሉ። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ፎቅ ላይ፣ ሠራተኛው በሚሰካበት ቦታ ስታክ ሥሩ፤ ጥሩ ነገር ነው። የሕንፃው ሁሉ ትራፊክ በሚያልፍበት መሐል ላይ ግን አንድ አንጎል አታስቀምጡ። እዚያ ሁለት ነጻ ስዊቾች ይኑሩ፤ እያንዳንዱ የራሱ አዛዥ፣ የራሱ ኮንፊገሬሽን ይኑረው፤ ከታች ለሚመጣው ጥቅል ብቻ አንድ መስለው ይታዩ። የሲስኮ ኔክሰስ ቪፒሲ የሚለው፣ አሪስታ ኤምላግ የሚለው ይህንኑ ነው። ለማዋቀር ይከብዳል። ሁለት ቦታ መጻፍ፣ ሁለት ቦታ መፈተሽ አለ። ያ ድካም ግን አንዱን አሻሽላችሁ ሌላውን እያስኬዳችሁ ቀን በቀን መሥራት ያስችላችኋል። በዚህ የማይስማሙ አንጋፋ ባልደረቦች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ በጥያቄው ሰዓት በደስታ እሰማቸዋለሁ።

መሰንጠቅንም በተመለከተ አንዳንዶቹ አምራቾች መድኃኒት አበጅተዋል። ሁዋዌና ኤችስሪሲ ማድ የሚሉት አለ፤ ሁለት አዛዥ መኖሩን በሌላ መንገድ ይሰልላል፤ ከተገኘ አንደኛው ወገን ፖርቶቹን ዘግቶ ይቀመጣል። ይህ ግን በነባሪነት የበራ ነገር አይደለም፤ ባለሙያው ማዋቀር አለበት። ስታኩን አስነሥቶ ማድን ሳያበጁ መሄድ ያችን አራተኛ ገመድ ሳይሰኩ ከመሄድ ጋር አንድ ነው።

ብሎኖቹን አዙሯቸው ብያችሁ ነበር። ገመዷ ስትሰካ ቀጥ ብላ ካልገባችና ብሎኖቹ ካልጠበቁ በክብደቷ ትወርዳለች። ሙሉ በሙሉ አትነቀልም፤ ትነካለች፣ ትለቃለች፣ ትነካለች። በሲስኮ ስዊቾች ላይ «ሾው ስዊች ስታክ ፖርትስ ሰመሪ» ብላችሁ ስትጠይቁ የእያንዳንዱን መሰኪያ ሁኔታ፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ፣ ገመዷ ስንት ሜትር እንደሆነች ሳይቀር ይነግራችኋል። ከዓምዶቹ በአንዱ ላይ ግንኙነቱ ስንት ጊዜ ሄዶ እንደመጣ የሚቆጥር ቁጥር አለ። ያ ቁጥር በየሳምንቱ እያደገ ከሄደ ብሎኑ ልል ሊሆን ይችላል። አንድ ሌላ ትእዛዝም አለ፤ «ሾው ስዊች ስታክ ሪንግ ስፒድ»። ከመልሱ ውስጥ የምትፈልጉት አንድ ቃል ነው፤ «ፉል» ወይም «ሃፍ»።

በዚያ ሆስፒታል መጀመሪያ ከተተከለበት ቀን አንሥቶ ማንም ይህን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ስዊቹ «ሃፍ» ብሎ ይመልስለት ነበር። ቀን ከሌት፣ ያለማቋረጥ፣ ስዊቹ እውነቱን ይዞ ተቀምጧል። ቀይ መብራት አልበራም፤ ስልክ አልጮኸም፤ ካርድ ክፍሉ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል። የምለምናችሁ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ፣ ቡና ሳይቀርብ፣ ይህችን ትእዛዝ በየስታካችሁ ላይ ጻፉ።

ከዚያ ደግሞ ንቀሉ። መጠባበቂያ ሲፈተን ካልታየ ሥዕል ነው። ሌሊት ቀጠሮ ያዙ፤ አለቃችሁን በጽሑፍ አስፈቅዱ፤ የስልክ ቁጥሮችን ያዙ። አንድ ላፕቶፕ ላይ የማያቋርጥ ፒንግ አስኪዱ። አንዷን ገመድ ንቀሉና ቁጠሩ። መልሳችሁ ሌላዋን ንቀሉ። አንዱን ፋይበር ንቀሉ። በመጨረሻ የአዛዡን ስዊች መብራት አጥፉ። ይህ የመጨረሻው እጅ ያንቀጠቅጣል፤ አውቀዋለሁ። ግን ወይ እናንተ ዝግጁ ሆናችሁ በመረጣችሁት ሌሊት ታጠፉታላችሁ፣ ወይ መብራት ኃይል ባልመረጣችሁት ጠዋት ያጠፋላችኋል።

ወደዚያ ሆስፒታል የተመለስኩት አዲሱ ስዊች ከተተከለ በኋላ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር። የአይቲ ክፍሉ ልጅ ድንገተኛ ክፍል ባለው ኮምፒዩተር አጠገብ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል፤ እኔ በራኩ ጀርባ ተንበርክኬ የባትሪ መብራት በጥርሴ ይዣለሁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መሐል ያለችውን ገመድ ብሎኖቿን ፈትቼ ሳብኳት፤ ያች በዚያ ጠዋት ሰንሰለቱ የተበጠሰባት ቦታ ናት። «ምን ሆነ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ፤ «ነርሷ አንድ ታካሚ እየመዘገበች ነው።» ኮንሶሉ ላይ «ሃፍ» የሚለው ቃል መጣ። መልሼ ሰካኋት፤ «ፉል» ሆነ። ቀጥዬ የአዛዡን ስዊች ገመድ ከኃይሉ ላይ መዘዝኩ። የላፕቶፑ ፒንግ አንድ ጊዜ ዘለለ፤ ቀጠለ። «አሁንስ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከስልኩ ውስጥ የነርሷ ድምፅ ይሰማኛል፤ የታካሚውን አባት ስም ፊደል በፊደል እየጠየቀች ትጽፋለች። «ጋሼ፣» አለ ልጁ፣ «አልቆመችም እኮ።»

አዛዡን መልሼ አበራሁት። ከዚያ አንድ በአንድ ስምንቱንም መሰኪያ በባትሪው እያበራሁ፣ ብሎኖቹን በጣቴ እያዞርኩ አጠበቅኳቸው።

ገመዷ ዞራ ስትጨርስ መልሱልኝ። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።